መተማ የመረጠችው ፊልም

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባው እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። የጦር ሜዳ ታሪክ አይደለም፤ ስሙ የታወቀ ሰውም የለበትም። ሁለት ፊልሞች ነበሩ፤ ከሁለቱ የትኛው ይሸለም በሚለው አልተስማማንም። ነገሩ ይኸው ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በማታው ክፍለ ጊዜ ትምህርት ጀምሬ አሁን የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። መምህራችን በዕድሜ የልጄ እኩያ ናቸው። "ከሥራ ዘመናችሁ አንድ ነገር ጻፉ፤ በቅደም ተከተል፣ ሳታስጌጡ" ብለው አዘዙን። አብረውኝ የሚማሩት አብዛኞቹ ገና የሥራ ዘመን የላቸውም። እኔ ስላለኝ ትእዛዙን በደንብ ለመፈጸም እሞክራለሁ። ስህተት ካለበት እንዲታረም በትሕትና እጠይቃለሁ።

በ1975 ዓ.ም. ጎንደር ላይ በረዳት ኦፕሬተርነት ተቀጠርኩ። መሥሪያ ቤታችን ሲኒማ ቤት ወደሌለበት አገር ፊልም ይዞ የሚሄድ አንድ መኪና ነበረው። በመኪናው ላይ ፕሮጀክተር፣ ጄኔሬተር፣ ድምፅ ማጉያና ከነጭ አቡጀዲ የተሰፋ ትልቅ መጋረጃ እንጭን ነበር። ክረምት ሲወጣና የቆላው ጥቁር አፈር ሲደርቅ እንወርዳለን። ገንዳ ውሃ፣ መተማ፣ አብደራፊ እያልን እስከ ግንቦት እንዞራለን። ገለጉ ደግሞ መኪናው ስለማይደፍረው ጄኔሬተሩን በግመል አስጭነን በእግር ነበር የምንገባው። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለምግብ ይበቃል፤ የበረሃ አበሉ ለእናቴ ይሆናል። ስለ ገንዘቡ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሼ ታከለ ናቸው። ከአብዮቱ በፊት ከተማ ውስጥ ሲኒማ ቤት ኦፕሬተር ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። ከልማዶቻቸው ሁሉ የገረመኝ ፊልም አለማየታቸው ነው። ማሽኑን እኔ ስይዝ እሳቸው ማይክሮፎናቸውን ይዘው መጋረጃው ጥግ ይቆማሉ። ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ፣ ጀርባቸውን ወደ ምስሉ አድርገው ነው። ፊልሞቹ በባዕድ ቋንቋ ስለሆኑ ትርጉሙን የሚናገሩት እሳቸው ነበሩ፤ ያውም ቆጥበው። "ሰውዬው ሲያለቅስ 'አለቀሰ' አትበል። ሕዝቡ ዓይን አለው" ይሉኝ ነበር። ፊልሙን ሳያዩ የት እንደደረሰ እንዴት እንደሚያውቁ ስጠይቃቸው፣ "ፊታቸው ላይ ነው የማነበው" አሉኝ።

ሌላው ልማዳቸው ብርሃን ነው። መጋረጃው ከተሰቀለ በኋላ ግራና ቀኙን፣ የሕዝቡን መቀመጫና ከመቀመጫው ኋላ ያለውን ሜዳ ሁሉ በእግራቸው ይዞሩታል። "መጋረጃ ላይ የወደቀ ብርሃን እዚያ አይቀርም፤ ይመለሳል። የት እንደሚመለስ ሳታውቅ ማሽን አታስነሣ" ይላሉ። በዚያን ጊዜ የሽማግሌ ጥንቃቄ መስሎኝ ነበር።

የሥራ ዘመኔ ትልቁ ውርደት አብደራፊ ላይ ደረሰብኝ። ሰሊጥ ሊያጭዱ ከደጋ የወረዱ የቀን ሠራተኞች በእርሻው መጋዘን ፊት ለፊት ተሰብስበዋል። ጋሼ ታከለን ወባ ስለጣላቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ያዝኩ። ፊልም ወደ ማሽኑ ሲገባ ከሌንሱ በላይና በታች ላላ ያለ ቀለበት መተው አለበት፤ ቀለበቱ ካጠረ ፊልሙ ይወጠርና ይቀደዳል። እኔ አሳጠርኩት። የመጀመሪያው ጥቅል ሊያልቅ ሲል፣ ሁለት ሰዎች ድልድይ ላይ ሳሉ፣ ፊልሙ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከመብራቱ ፊት የቆመ ፊልም ወዲያው ይቃጠላል። መጋረጃው መሐል ቡናማ ነጥብ ታየ፤ ሰፋ፤ ድልድዩን በላው።

አንድ የጎጃም ሰው ከፊት ረድፍ ዞር አለና፣ "ወንድምዬ፣ ድልድዩን አቃጠልኸው እኮ። እንግዲህ በየት ይሻገሩ?" አለኝ።

ሜዳው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ አልቆ የሰሊጥ አገዳ መወርወር ጀመሩ፤ ማሽኑን በሰውነቴ ሸፈንኩት። በማግስቱ ጋሼ ታከለ ከነትኩሳታቸው ተነሥተው የተቃጠለውን ቆርጠው ጣሉና ምላጩን ሰጡኝ። "ቁረጥ። ጫፉን ፋቅ። ሙጫውን ቀባ። ተጫነው። አሁን እስኪይዝ ዝም በል" አሉ። ስለ ሌላው ነገር አንድም ቃል አልተናገሩኝም። ስድብ ስጠብቅ ስለነበር ዝምታቸው ጥርጣሬ አሳደረብኝ። ለአለቃ ሪፖርት ያደርጉብኛል ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ተሸማቀቅኩ። አላደረጉም።

አሁን ወደ ሽልማቱ ልምጣ። በዓመት አንድ ጊዜ በየጣቢያው ሕዝቡ ከታዩት ፊልሞች የሚበልጠውን እጅ በማውጣት ይመርጣል። ጎንደር ያለ ኮሚቴ የየጣቢያውን ምርጫ አይቶ አንዱን ይሸልማል። አሸናፊውን ፊልም የመረጠች ከተማ ፊልሙ በክብር ድጋሚ ይታይላታል። በ1978 ዓ.ም. የቀረቡት ሁለት ነበሩ።

አንደኛውን "ከበሮው" እንለዋለን። ባለ ቀለም ነው። ተኳርፈው ለዓመታት ያልተነጋገሩ ሁለት ወንድማማቾች ለሩቅ መንደር ሠርግ አንድ ግዙፍ ከበሮ ተሸክመው እንዲያደርሱ ይታዘዛሉ። ከበሮው በወፍራም እንጨት ላይ ተንጠልጥሎ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ይሸከማል። ለረጅም መንገድ አንዲት ቃል አይለዋወጡም። ከላይ የነገርኳችሁ ድልድይ የዚህ ፊልም ነው። ሁለተኛውን "ጉድጓዱ" እንለዋለን። ጥቁርና ነጭ ነው። የከሰል ማዕድን ቆፋሪዎች መሬት ተንዶባቸው ሲታፈኑ ያሳያል። መሐል ላይ ፋኖሳቸው ይጠፋል። ከዚያ ወዲያ ለረጅም ጊዜ መጋረጃው ጥቁር ነው፤ የሰዎቹ ድምፅ ብቻ ይሰማል።

ገንዳ ውሃ ከበሮውን መረጠ። አብደራፊ ብናቃጥለውም ከበሮውን መረጠ። ገለጉም እንዲሁ። መተማ ግን ከዳር እስከ ዳር ለጉድጓዱ እጅ አወጣ።

ይህን ማመን አቃተኝ። መተማ ላይ የምናርፈው እትዬ አለሚቱ ሻይ ቤት ነበር። እሳቸው ደግሞ ለጉድጓዱ ሁለት እጃቸውን ካወጡት አንዷ ናቸው። በዚያ ሰሞን ሁሉም ሰው የሚያውቀው ጭንቀት ነበረባቸው። አንድ ልጃቸው ጌትነት ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ ጠፍቷል። እናቱ "አርማጭሆ አጎቱ ዘንድ ነው" ይላሉ፤ ማንም አላመነም። ቤታቸው ተፈትሿል። ልጁ እዚያው ከተማ ውስጥ አንድ ቦታ እንደተሸሸገ፣ ከተገኘ ወደ ጦር ግንባር እንደሚጫን፣ ከዚህ ዕጣ አምልጦ ሱዳን ለመግባት ደግሞ በሚሊሻ የሚጠበቀውን ሖር ማቋረጥ እንዳለበት ሕፃን እንኳ ያውቅ ነበር። ሖር የምንለው ከተማዋን ከሱዳኗ ገላባት የሚለየውን፣ በበጋ የሚደርቀውን ወንዝ ነው።

እኔ ግን የያዘኝ የፊልሙ ነገር ነበር።

"እትዬ አለሚቱ፣ ከልብዎ ነው? ከበሮውን ትተው ጉድጓዱን?"

"ጉድጓዱ ምን አለበት?"

"ምንም አይታይበትማ።"

"ላንተ አልታየህም። ለእኔ ሁሉም ታይቶኛል።"

አንድ የግመል ነጋዴ ከጥግ ሆኖ፣ "ከሰል ስለሚቸረችሩ ነው። ለራስዎ ዕቃ ነው የመረጡት" አላቸው።

"አንተ ደግሞ ግመል ያለበት ፊልም ቢመጣ እያለቀስህ ነበር የምትመርጠው" ብለው ብርጭቆውን ፊት ለፊቱ አስቀመጡለት። ከዚያ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ ወደ ጋሼ ታከለ ዞሩ። "ያቺ ፋኖስ የምትጠፋበት ቦታ ፊልሙ ካሸነፈ ለድጋሚውም አለች አይደል? እንዳትቆርጡብን።"

"አለች" አሉ ጋሼ ታከለ።

"ተማም" አሉ እትዬ አለሚቱ፤ ደህና ነው ለማለት፣ እንደ ሱዳኖቹ።

የፊልም ተመልካች የጠቆረውን ቦታ እንዳይቆረጥ ሲለምን ሰምቼ አላውቅም። ጋሼ ታከለን አየኋቸው፤ ሻያቸውን እያማሰሉ ነበር። ስኳር ግን አልጨመሩበትም። ከዚያን ቀን ጀምሮ እጠረጥራቸው ጀመር። ምን ብዬ እንደጠረጠርኩ ግን አላውቅም። አንዳንዴ ከገላባት ዕቃ የሚያሻግሩ ይመስለኛል። አንዳንዴ ደግሞ ለደኅንነት የሚሠሩና እኔን የሚጠብቁ ይመስለኛል። ያኔ ሰው ባልንጀራውን የሚያስበው እንደዚህ ነበር።

ጎንደር ኮሚቴው ሲሰበሰብ ማሽን ለማንቀሳቀስ ገባሁ። ሰብሳቢው ጓድ ደመላሽ፣ የእኛን ሥራ የሚቆጣጠሩት ካድሬ ነበሩ። ሁለቱም ፊልሞች ታዩ። ሦስት ጣቢያ ከበሮውን መምረጡ ሲነገር ጓድ ደመላሽ እጃቸውን አወዛወዙ። "የሠርግ ጨዋታ ነው። የመተማ ሕዝብ ግን ድንበር ላይ ሆኖ የወዛደሩን ታሪክ መረጠ። ይሄ ንቃት ነው። የሚሸለመው ጉድጓዱ ነው" አሉ። ኮሚቴው አጨበጨበ።

እኔ ማሽኑን እየዘጋሁ ነበር። ማንም አልጠየቀኝም። ግን የከበሮው መቅረት አሳዝኖኝ፣ ደግሞም ሐቀኛ ሠራተኛ መሆኔ እንዲታወቅልኝ ፈልጌ፣ "ጓድ ደመላሽ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እኔ በምርጫው አልስማማም" አልኩ።

"ለምን?"

"ፊልሙ ጨለማ ነው። የመተማ ሰው ምን አይቶ ነው የመረጠው?"

ጓድ ደመላሽ ቀና ብለው አዩኝ። ብዕራቸውን አስቀመጡ። "ጨለማ ነው አልህ?" አሉኝ ቀስ ብለው። "ምን ያህል ይቆያል ጨለማው?"

ጋሼ ታከለ በር ላይ ቆመው ነበር። አላዩኝም፤ የኮሚቴውን ፊት ነበር የሚያዩት።

በማግስቱ ጓድ ደመላሽ ለብቻዬ ጠሩኝ። ሽልማቱ ከመጽደቁ በፊት ሁለቱም ፊልሞች መተማ ላይ እንደገና ይታያሉ፤ ምርጫውም ይደገማል አሉ። ሚሊሻዎች ከሕዝቡ ኋላ፣ ፊታቸውን ወደ ሖሩ አድርገው ይቆማሉ። "በተለይ ጨለማው ሲመጣ ዝንብ እንዳታልፍ። አንተ ደግሞ ሽማግሌው ላይ ዓይንህን ጣል። ጥሩ ልጅ ትመስላለህ" አሉኝ። "እሽ" አልኳቸው። ሌላ ምን ይባላል።

ወደ መተማ ስንወርድ ሾፌራችን ተገኘ ብቻ ነበር የሚያወራው። ገንዳ ውሃ ስንደርስ ላንቃው ደረቀና እሱም ዝም አለ። ጋሼ ታከለ ተቆጥተውኝ ይሆናል ብዬ፣ "ጋሼ፣ ያልኩት እውነት እኮ ነው። ከበሮው ይበልጣል" አልኳቸው።

"ይበልጣል" አሉ።

"ታዲያ?"

"ሰው ወደድኩ ሲልህ፣ ወደደ በለው። ለምን እንደወደደ ከጠየቅኸው ሊዋሽህ ይገደዳል።"

መተማ ከሰዓት በኋላ ደረስን። ጋሼ ታከለ መኪናው ውስጥ ተቀምጠው የማላውቀውን ሥራ ጀመሩ። የከበሮውን ሁለት ጥቅሎች አውጥተው የመጀመሪያውን ጫፍ ከሁለተኛው መነሻ ጋር በምላጭና በሙጫ አጋጠሟቸው። ከዚያ ሁለቱንም አንድ ላይ ከሁሉም ትልቁ ባዶ መጠቅለያ ሪል ላይ ጠቀለሏቸው። እንደዚያ ማድረግ ክልክል ነበር፤ ማሽኑን ያስጨንቀዋል። እኛ ያለን ፕሮጀክተር አንድ ብቻ ስለነበር አንዱ ጥቅል ሲያልቅ ትዕይንቱ ይቆማል፤ ሌላው እስኪገባ ሕዝቡ ይጠብቃል። ሲጠብቅ ደግሞ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው። ወደ ኋላ ዞሮ ማሽኑን ያያል።

"ለምን ያገናኙታል?" አልኳቸው።

"ያንተን ቃጠሎ ለመሸፈን" አሉ።

አላመንኳቸውም። ሙጫውን ተጭነው እስኪይዝ ዝም አሉ። ከዚያ መጋረጃው ወደሚሰቀልበት ሜዳ ሄደው እንደ ልማዳቸው ዞሩት። ዛሬ ግን እስከ ሖሩ አፋፍ ድረስ ሄዱና ዞረው መጋረጃውን ከዚያ አዩት። ተገኘም አያቸው፤ ከዚያ እኔን አየኝ። ለማን እንደሚነግር አላወቅኩም። እኔስ ለማን እንደምናገር መች አወቅኩ።

ጀምበር እንደጠለቀች ሕዝቡ ተሰበሰበ። አቀማመጡን መግለጽ አለብኝ፤ ነገሩ ያለው እሱ ላይ ነው። መጋረጃው በገበያው በኩል ነው። ሕዝቡ ወደ መጋረጃው ዞሮ ተቀምጧል። ከሕዝቡ ኋላ የእኔ ማሽን፣ ከማሽኑ ኋላ የተደረደሩ ሚሊሻዎች፣ ከእነሱ ኋላ ገላጣ ሜዳና ሖሩ። ሚሊሻዎቹ ፊታቸውን ወደ ሖሩ እንዲያደርጉ ታዘዋል። ጓድ ደመላሽ ከፊት ረድፍ ወንበር ተሰጥቷቸዋል። እትዬ አለሚቱ ነጠላቸውን ተከናንበው ከሴቶቹ መሐል ተቀምጠዋል፤ ወደ ቀኝም ወደ ግራም አይሉም።

"የትኛው ይቅደም?" አሉ ጋሼ ታከለ።

"ጉድጓዱ" አሉ ጓድ ደመላሽ።

"እንዳሉ። ብቻ ጉድጓዱን ካዩ በኋላ ሕዝቡ ደክሞት ይበተናል፤ ለምርጫው ሰው አይኖርም።"

ጓድ ደመላሽ ትንሽ አሰቡ። "ከበሮው ይቅደም። ጨለማው ሲመጣ ግን አስቀድመህ በማይክሮፎን ንገረኝ።"

"እነግርዎታለሁ።"

ከበሮው ጀመረ። መጋረጃው ሲበራ ሜዳው ሁሉ በራ፤ እስከ ሖሩ ድረስ መሬቱ ላይ ያለች ድንጋይ ትታያለች። በዚህ ብርሃን የሚሻገር ሰው የለም ብዬ አሰብኩ፤ ሚሊሻዎቹም ያሰቡት ይህንኑ ይመስለኛል። ታላቅ ወንድም ከበሮውን ሲያነሣ ጣቱን ተጫነው፤ ሕዝቡ ሳቀ። ከኋላዬ አንድ ሚሊሻ አንገቱን ወደ መጋረጃው መለሰ። ወንድማማቾቹ የተቆጣ ዝይ ሲያሳድዳቸው ሌላው ዞረ። አንድ ሸምገል ያለ ሚሊሻ ቀስ እያለ መጥቶ የማሽኔ ሣጥን ላይ ተቀመጠ። ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋደመ።

"ዛሬ ይነጋገራሉ?" አለኝ።

"ዝም ብለው ይመልከቱ" አልኩት።

እኔ መጋረጃውን ማየት ካቆምኩ ቆይቻለሁ። ጋሼ ታከለ ሕዝብ ማየት አስለምደውኛል። ጥግ ላይ ቆመው ሲያዩኝ አየሁ፤ ከዚያ ዓይናቸው በራሴ ላይ አልፎ ወደ ኋላ ሄደ። እኔም ዞርኩ። ከሚሊሻዎቹ ኋላ፣ ሜዳው ዳር ካለ ወፍጮ ቤት አጠገብ ከተከመረ የማሽላ አገዳ አንድ ሰው ወጥቶ ነበር። አይሮጥም። እንደ ማንኛውም ወደ ቤቱ እንደሚሄድ ሰው ይራመዳል። የከበሮው ብርሃን ጀርባው ላይ አርፏል። ጌትነት መሆኑን ከእናቱ በወረሰው አካሄድ አወቅኩ።

ሜዳው ሰፊ ነው። ሚሊሻዎቹ ሁሉ ጀርባቸውን ሰጥተውታል፤ አንድ ሰው ብቻ ዞር ቢል አለቀለት። በዚያች ሰዓት ፊልሙ ድልድዩ ጋ ደረሰ። የመጀመሪያው ጥቅል የሚያልቅበት ቦታ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን እዚህ ላይ መጋረጃው ይነጣ፣ ሕዝቡ ዞሮ ወደ እኔ ያይ፣ ሚሊሻውም ወደ ጥበቃው ይመለስ ነበር። ወደ እኔ ማየት ማለት ወደ ሖሩ ማየት ነው። ጣቴን ፊልሙ ጠርዝ ላይ አድርጌ መጋጠሚያዋን ጠበቅኩ። ሙጫው ባይዝ፣ ቀለበቱ ቢያጥር፣ እንደ አብደራፊው ቢሆን ብዬ አሰብኩ። መጋጠሚያዋ ጣቴ ሥር እንደ ትንሽ ጠባሳ አለፈች። ማሽኑ ቀጭ አለ። ቀጠለ።

ታላቅ ወንድም ድልድዩ ላይ የመጀመሪያ ቃሉን ተናገረ። ሜዳው ጸጥ አለ። ሣጥኔ ላይ የተቀመጠው ሚሊሻ፣ "ተናገረ" አለ ለራሱ። እኔ ዞር ብዬ ሳይ ሜዳው ባዶ ነበር።

ከዚያ ጉድጓዱ ታየ። ጋሼ ታከለ በማይክሮፎን "ጓድ፣ አሁን ይጨልማል" አሉ። ሚሊሻዎቹ ወደ ቦታቸው ተመልሰው፣ ጠመንጃ ደቅነው፣ ጨለማውን ሙሉ ሖሩን ጠበቁ። ዝንብም አላለፈም። ምርጫው ተደገመ፤ መተማ አሁንም ጉድጓዱን መረጠ። እትዬ አለሚቱ ዛሬ አንድ እጅ ብቻ አወጡ። ጓድ ደመላሽ ተነሥተው፣ "ምርጫው ንጹሕ ነው" አሉ።

ልጁ ገላባት መግባቱ የተሰማው እኛ ገንዳ ውሃ ከደረስን በኋላ ነው። ጎንደር ስንገባ ጓድ ደመላሽ ሁለታችንንም ቢሮ አስጠሩን። ሁለቱን ጥቅሎች ማገናኘታችንን አንድ ሰው ነግሯቸዋል። ተገኘ ይሆናል፤ እርግጠኛ ስላልሆንኩ ዛሬም ስሙን በክፉ አላነሣም።

"ክልክል መሆኑን ታውቃለህ?" አሉ ጋሼ ታከለን።

"አውቃለሁ። አብደራፊ ላይ የመጀመሪያው ጥቅል ጫፉ ተቃጥሎ ነበር። ካልተገጠመ ይበጠሳል።"

"ማን አቃጠለው?"

"እኔ ነኝ" አልኩ። "ቀለበቱን አሳጥሬው ነው። የአብደራፊ ሠራተኛ ሁሉ አይቶኛል።"

ጓድ ደመላሽ ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ ያልጠበቅኩትን ጠየቁኝ። "ከሁለቱ ፊልሞች የሚበልጠው የትኛው ነው?"

"ጉድጓዱ" አልኩ።

"ባለፈው አልስማማም ብለህ አልነበር?"

"ደግሜ ሳየው ገባኝ፣ ጓድ።"

ለቀቁን። ጉድጓዱ ሽልማቱን አገኘ። ከበሮው ግን ንቃት ያደነዝዛል ተብሎ ጎንደር መጋዘን ገብቶ ተቆለፈበት። ጋሼ ታከለን ከመኪናው አንሥተው የመጋዘኑ ጠባቂ አደረጓቸው። በዚያ ጡረታ ወጡ። አንድ ቀን በድፍረት፣ "ጋሼ፣ ያን ቀን ያውቁ ነበር?" አልኳቸው።

"ምኑን?"

"ልጁን።"

"እኔ ሕዝብ ነው የማየው" አሉ። ለእትዬ አለሚቱ አዝነው ይሁን፣ ዘመድ ሆነው ይሁን፣ ከዚያ በፊት በጨለማው ሌላ ሰው አሻግረው ይሁን አልነገሩኝም። ደግ ሰው ነበሩ ብዬ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ግን የማላውቀውን እንዳልጽፍ መምህራችን አስጠንቅቀውናል።

መንግሥት ሲለወጥ የቀረ ዕቃችንን እንዳመጣ ወደ መተማ ተላክሁ። እትዬ አለሚቱ ሻይ ቤት ጎራ ስል አንድ ጢማም ሰው በረንዳው ላይ ጀላቢያ ለብሶ ተቀምጧል። እናቱ ከውስጥ፣ "የሲኒማው ልጅ ነው" አሉት። ተነሥቶ እጄን በሁለት እጁ ያዘ።

"ያን ቀን የነበረው ፊልም ምን ነበር?" አለኝ። "እኔ ጀርባዬን ሰጥቼው ነበር። ያየሁት ጥላዬን ብቻ ነው፤ ከፊቴ እየቀደመ፣ መሬቱ አንዴ ቀይ አንዴ ሰማያዊ ሲሆን። ሰው ሲስቅ እሰማለሁ። ከዚያ ሁሉም ባንድ ጊዜ ዝም አለ፤ ያኔ የታየሁ መሰለኝ።"

"ታላቅ ወንድምየው የተናገረበት ነው።"

"ምን አለ?"

"ታናሹ ከድልድዩ ሊወድቅ ነበር። 'ግራህን' አለው።"

"ከዚያስ? ሠርጉ ላይ ደረሱ?"

እትዬ አለሚቱ ሻዩን አስቀምጠው አጠገባችን ወንበር ሳቡ። "እኔም እኮ አላየሁትም" አሉ። "ዓይኔን ተክዬበት ነበር፤ ግን አንዱም አልገባኝ።"

ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀመርኩላቸው። ወንድማማቾቹ ሲደርሱ ሠርጉ አልፏል፤ አንዲት አሮጊት ግቢውን ትጠርጋለች። ከበሮውን አወረዱ። ታናሹ ታላቁን አየው። "እንግዲህ ከመጣን" አለና መታው። ታላቁም መታ። የተበተነው ሠርገኛ ከየቤቱ በርጩማውን ይዞ ተመለሰ። ጌትነት እስከ መጨረሻው ሻዩን አልነካውም። ይህን የነገርኳቸው ሰኔ 2 ቀን 1983 ዓ.ም. ነው።